እሪ በከንቱ የሚለው ደጋፊ

ሰፈሩ እሪ በከንቱ ይባላል። ስሙን ማን አወጣው ቢሉ፣ ከአራዳ ሽማግሌዎች አፍ የሰማነው እንዲህ ነው፤ ድሮ ድሮ ከፒያሳ ቁልቁል ወርዶ ገደሉን የሚሻገረውን መንገደኛ ወንበዴ ይጠብቀዋል፤ ጋቢውን ይገፈዋል፣ ኪሱን ያራግፈዋል። ሰውየው እሪ ይላል። የሚደርስለት የለም። እሪታው በከንቱ ነው ተባለና የሰፈሩ መጠሪያ ሆኖ ቀረ። እኔ ግን ይህ ስም ለአንድ ሰፈር ብቻ መሰጠቱ ያንሳል ባይ ነኝ። የኢትዮጵያ እግር ኳስ ደጋፊ በሙሉ፣ ቦሌም ይኑር መርካቶ፣ ድሬዳዋም ይኑር ባሕር ዳር፣ ትክክለኛ አድራሻው እሪ በከንቱ ነው።

ለምን ቢባል፣ ይህ ሰው ይከፍላል እንጂ አይጠየቅም። ግብሩን ይከፍላል፤ ከግብሩ ላይ የከተማና የመንግሥት ድርጅት ክለቦች ይደጎማሉ። ማልያ ይገዛል። ዲኤስቲቪ ቤት ገብቶ ይከፍላል። ሲሸነፍ ያለቅሳል፣ ሲያሸንፍ አደባባይ ወጥቶ ይጨፍራል። «ቡድኔ የት ነው የሚጫወተው? ገንዘቤስ የት ገባ?» ብሎ የጠየቀ ዕለት ግን መልሱ ዝምታ ነው። የዛሬው ጽሑፌ ይህን ዝምታ የሚመለከት ነው።

ነገሩን ከሩቅ ልጀምረው። ከሩቅ የምጀምረው እኛ የፒያሳ ሰዎች የሩቁን ከቅርቡ ይልቅ አጥርተን ስለምናውቅ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የማስቀምጠው በኛው አቆጣጠር ነው።)

ዲኤስቲቪ ቤት የሚያዘወትር ሁሉ የአሌክሳንደር ኢሳክን ነገር ያውቀዋል። ስዊድን ውስጥ ከኤርትራውያን ወላጆች የተወለደ፣ መልኩን ያየ ሁሉ «የኛው ልጅ» የሚለው አጥቂ ነው። መጋቢት 7 ቀን 2017 በእንግሊዝ የሊግ ዋንጫ ፍጻሜ ኒውካስል ሊቨርፑልን 2 ለ 1 ሲረታ ሁለተኛዋን ጎል ያገባው እሱ ነበር። ኒውካስል በአገር ውስጥ ውድድር ዋንጫ ሲያነሳ ከ70 ዓመት በኋላ ያ የመጀመሪያው ነው። ስድስት ወር እንኳ ሳይቆይ፣ ነሐሴ 26 ቀን 2017 ያው ኢሳክ በ125 ሚሊዮን ፓውንድ ለዚያው ለረታው ሊቨርፑል ተሸጠ። ፒያሳ ለሁለት ተከፍላ ተጨቃጨቀች። «ከዳ» ያለ አለ፣ «እንጀራው ነው» ያለም አለ።

ታዲያ በዚያ ሁሉ ጭቅጭቅ መሐል አንድ ነገር ማንም አላነሳም። ሻጩ ማን ነው? ገዢውስ? ኒውካስልን ከመስከረም 2014 ጀምሮ በብዛት የያዘው የሳዑዲ ዓረቢያ መንግሥት የኢንቨስትመንት ፈንድ ነው። የሊቨርፑል ባለቤት ደግሞ ፌንዌይ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነው። እነዚህ ሁለት ባለሀብቶች ኢሳክን ከመገበያየታቸው በፊት በሌላ ሜዳ ላይ ተያይተዋል። ሜዳው የጎልፍ ሜዳ ነው።

ጎልፍ ስል አንባቢዬ ገጹን እንዳይገለብጥ! እርግጥ ጎልፍ ለአራዳ ልጅ የሩቅ ዘመድ ነው። በከተማችን ጎልፍ የሚባለው ነገር በአጥር ውስጥ ያለ ነገር ነው። የእንግሊዝ ኤምባሲ ግቢ ውስጥ ባለ ዘጠኝ ጉድጓድ የጎልፍ ሜዳ አለ፤ ከግንቡ ውጪ የሚያልፈው ሰው ሣሩን አያየውም። ነገር ግን በዓለም ላይ ጎልፍ ያየው አበሳ ለኛ ለኳስ አፍቃሪዎች ትልቅ ትምህርት ነውና ጥቂት ታገሡኝ።

የጎልፍ ትልቁ የፕሮፌሽናል ውድድር የአሜሪካው ፒ ጂ ኤ ቱር ነው። የሳዑዲው ፈንድ በ2014 «ሊቭ» የተባለ ተቀናቃኝ ውድድር አቋቋመ። ስሙ በሮማውያን ቁጥር 54 ማለት ነው፤ ሲጀመር ጨዋታው እንደ ድሮው በአራት ቀን 72 ጉድጓድ መሆኑ ቀርቶ በሦስት ቀን 54 ጉድጓድ ስለነበረ ነው። ስመ ጥር ተጫዋቾች በመቶ ሚሊዮን ዶላር ሒሳብ እየተጠሩ ሄዱ። ፒ ጂ ኤ ቱር የሄዱትን አገደ። አለቃው ጄይ ሞናሃን በቴሌቪዥን ቀርበው የመስከረም አንዱን የኒውዮርክ ጥቃት ሰለባ ቤተሰቦች ስም አንስተው፣ ወደ ሊቭ የሄዱትን ሕሊናቸውን ጠየቁ። «የኛ ማኅበር አባል በመሆንህ ይቅርታ መጠየቅ ነበረብህ ወይ?» ዓይነት ነበር ነገራቸው። ደጋፊውም ታማኝ ተጫዋቹም እውነት መስሎት አብሮ ተሰለፈ።

ዓመት ሳይሞላ፣ ግንቦት 29 ቀን 2015 እኒሁ ሞናሃን ከሳዑዲው ፈንድ አለቃ ጎን ተቀምጠው ስምምነት ደረስን አሉ! ተጫዋቾቹ ዜናውን የሰሙት እንደማንኛውም ሰው ነው። ለፒ ጂ ኤ ሲል ጉሮሮው እስኪነቃ የተሟገተው ሮሪ ማኪልሮይ በማግሥቱ ጋዜጠኞች ፊት ቀርቦ ራሱን እንደ መሥዋዕት በግ እንደቆጠረ ተናገረ። ልብ በሉ፤ ይህ ሰው ሚሊየነር ነው። በሚያዝያ 2017 ማስተርስን አሸንፎ አራቱንም ታላላቅ ውድድሮች በመውሰድ በታሪክ ስድስተኛው ሆኗል። እንዲህ ያለ ሰው በግ ከሆነ፣ ትኬት ቆርጦ የገባው ተመልካች ምን ሊባል ነው?

ነገሩ በዚህም አላበቃም። ስምምነቱ እስከ 2016 ታኅሣሥ ድረስ ይቋጫል ተብሎ ሳይቋጭ ቀረ። ፒ ጂ ኤ ቱር ደግሞ በጥር 2016 ከሌሎች ባለሀብቶች አንድ ቢሊዮን ተኩል ዶላር ተቀበለ። የባለሀብቶቹ መሪ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ያው ፌንዌይ፣ የሊቨርፑሉ ጌታ! እንግዲህ በአንድ ወገን ኒውካስልና ሊቭ፣ በሌላ ወገን ሊቨርፑልና ፒ ጂ ኤ። ጎልፉም ኳሱም ከሁለት ኪስ የሚወጣ ጨዋታ ሆነ። ዲኤስቲቪ ቤት ቁጭ ብለን የምንሰዳደበው በሁለት ኪሶች መካከል ነው ማለት ነው።

«ታዲያ እኛን ምን አገባን?» ይሉኝ ይሆናል። እንዴታ! በጣም ያገባናል እንጂ። ሰኔ 2 ቀን 2014 ሐሙስ ነበር። በዚያ ቀን ለንደን አጠገብ የሊቭ የመጀመሪያ ውድድር ተከፈተ፤ ዓለም ሁሉ ጎልፍ ባለቤቱ ተቀየረ ብሎ አወራ። በዚያው ቀን፣ በዚያው ሐሙስ፣ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፈ። በዳዋ ሆቴሳና በሽመልስ በቀለ ጎሎች! ግብፅን ስንረታ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖን ነበር። ጨዋታው በመርሐ ግብሩ ላይ «የኢትዮጵያ ሜዳ» ይላል። የተካሄደው ግን የት ነው? ሊሎንግዌ፣ ማላዊ!

እስቲ አንድ አፍታ ቆም ብለን እናስበው። ጥር 13 ቀን 1954 በዚሁ በአዲስ አበባ ስታዲየም ያንኑ የግብፅን ቡድን በአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ 4 ለ 2 ረትተን ዋንጫ አንስተናል። ሁለት ጊዜ ተመርተን፣ ሁለት ጊዜ አቻ ሆነን፣ በተጨማሪ ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ የጨረሱት ጨዋታ ነው። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን የተቀበለው ከጃንሆይ እጅ ነው። አሠልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ፤ በኋላ ከ1964 ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን የመሩ፣ የአፓርታይድ ደቡብ አፍሪካን በር ዘግተው የያዙ ሰው። ካፍን በ1949 ከመሠረቱት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። ከስድስት አሥርት ዓመት በኋላ ግብፅን መርታታችንን ያየነው በሰው አገር ሜዳ፣ በቴሌቪዥን መስኮት ነው። በዚያ ቀን ሊሎንግዌ ላይ የሚጨፍር የአዲስ አበባ ሕዝብ አልነበረም። ደስታችን እንኳ ስደተኛ ሆነ!

ስደቱ በአንድ ጨዋታ አላበቃም። ካፍ የአዲስ አበባን ስታዲየም አይመጥንም አለ። በመስከረም 2014 ባሕር ዳር ላይ ከደቡብ አፍሪካ ጋር ተጫወትን፤ ወዲያው እሱም ታገደ። በኅዳር 2014 ጋናን ያስተናገድነው ጆሃንስበርግ ነው። ከዚያ ሊሎንግዌ። በ2016 ኤል ጀዲዳ፣ ሞሮኮ። በ2016 ማብቂያ ዳሬ ሰላም። መጋቢት 12 ቀን 2017 እንደገና ግብፅን «በሜዳችን» አስተናገድን፤ ካዛብላንካ ላይ! 2 ለ 0 ተሸነፍን። ኢሳክ ዋንጫ ካነሳ አምስተኛው ቀን ነበር። ፒያሳ ግን ያን ሳምንት ያወራችው ከሁለተኛው ጨዋታ ይልቅ ስለ አንደኛው ነው። አልፈርድባትም። ሰው ያላየውን ቡድን እንዴት ብሎ ይውደድ?

በጥቅምት 2017 ደግሞ የካፍ ጠቅላላ ጉባኤ እዚሁ አዲስ አበባ ተካሄደ። ባለሥልጣኖቻችን ካባ ለብሰው፣ እንግዳ ተቀብለው፣ ኢትዮጵያ የ2029ኙን (እንደ አውሮፓውያን) የአፍሪካ ዋንጫ ማዘጋጀት እንደምትፈልግ ገለጹ። ምኞቱ መልካም ነው፤ እኔም እመኘዋለሁ። ግን ጌቶቼ፣ አንድ ጨዋታ ማስተናገድ አቅቶን ጎረቤት ለጎረቤት ሜዳ የምንለምን ሰዎች «ድግሱን ለኔ ስጡኝ» ስንል አያስቅም? «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው። በ2008 የተጀመረው፣ ከ60 ሺህ በላይ ሕዝብ ይይዛል የተባለው የአደይ አበባ ስታዲየም እስከዚያ የካዛብላንካ ጨዋታ ድረስ ብሔራዊ ቡድናችንን አንድ ቀን አላስተናገደም። ዘጠኝ ዓመት! በዘጠኝ ዓመት የተወለደ ሕፃን ኳስ ይመታል።

እንግዲህ ሒሳቡን እንጠይቅ። ብሔራዊ ቡድን ውጪ አገር ሄዶ «ባለሜዳ» ሲሆን አውሮፕላን፣ ሆቴል፣ የስታዲየም ኪራይ በውጭ ምንዛሪ ይከፈላል። የትኬት ገቢ የለም። የደጋፊ ጩኸት የለም። ከ2014 ወዲህ ለዚህ ስደት ስንት ወጣ? በዚያ ገንዘብ ስንት የመልበሻ ክፍል፣ ስንት መጸዳጃ፣ ስንት ወንበር ይሠራ ነበር? ይህን የሚያሳይ ዝርዝር ሒሳብ ለሕዝብ በጋዜጣ ወጥቶ አላየሁም። ያየ አንባቢ ካለ ያሳየኝ።

ወደ ሊጉ እንምጣ። በ2013 የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ጨዋታዎች በዲኤስቲቪ መተላለፍ ጀመሩ። ውሉ ለአምስት ዓመት፣ ዋጋውም ወደ 22 ሚሊዮን ተኩል ዶላር እንደሆነ ተዘግቦ ነበር። እልል አልን። የኛ ልጆች በአፍሪካ ሁሉ ሊታዩ ነው! እውነትም ታዩ። ግን ቴሌቪዥኑ ሲመጣ ሜዳው ሄደ። ካሜራው ያለው በተመረጡ ከተሞች ስለሆነ ሊጉ ተሰብስቦ ከከተማ ከተማ የሚዞር ሆነ፤ ሐዋሳ፣ አዳማ፣ ድሬዳዋ። የአዲስ አበባው ጊዮርጊስና የአዲስ አበባው ቡና ለዓመታት የተፋለሙት ከአዲስ አበባ ውጪ ነው። ስታዲየም ዙሪያ ቆሎ ስትሸጥ የነበረችው እናት፣ ባንዲራና ሻርፕ የሚያዞረው ልጅ፣ ከጨዋታ በኋላ የሚሞሉት ጠጅ ቤትና ቁርጥ ቤት፣ ማን ጠየቃቸው?

ይህን የምለው በተለይ አራዳ ስለሆነ ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ የተወለደው እዚሁ አራዳ ነው፤ በ1928፣ አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ የሰፈር ልጆችን ሰብስበው። ጣሊያን ገብቶ ስሙን ቀይሮ «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» ቢለውም ስሙ ተቀየረ እንጂ ቡድኑ ከሰፈሩ አልወጣም። ይድነቃቸውም መንግሥቱም የዚህ ቡድን ልጆች ናቸው። ፋሺስት ያላሳደደውን ቡድን የቴሌቪዥን መርሐ ግብር አሳደደው ብል አጋነንክ ትሉኛላችሁ። እሺ፣ አጋነንኩ ይባል። ግን ከጊዮርጊስ ሐውልት ሥር ቆማችሁ ስታዲየሙን ስትመለከቱ፣ ቡድኑ የት እንደሚጫወት ለልጃችሁ ምን ብላችሁ ትመልሳላችሁ?

ሌላም አለ። የሊጋችን ክለቦች የማን ናቸው? ስማቸውን ብቻ አንብቡ፤ አብዛኛው «ከተማ» የሚል ነው። በከተማ አስተዳደር በጀት የሚተዳደሩ ናቸው። የ2016 ሻምፒዮን ንግድ ባንክ ነው። የ2017 ሻምፒዮን መድን ነው። ሁለቱም ዋንጫውን በሜዳ ላይ ላባቸውን አፍስሰው ነው ያገኙት፤ ለተጫዋቾቹ ክብር ይገባቸዋል። ነገር ግን ሁለቱም የመንግሥት ድርጅት ክለቦች ናቸው። በደጋፊ ትከሻ ላይ የቆሙት ጊዮርጊስና ቡና ከመንግሥት ካዝና ጋር ገመድ እየተጓተቱ ነው። በ2011 መጨረሻ የተጫዋች ደመወዝ በወር ከ50 ሺህ ብር አይብለጥ የሚል ጣሪያ ወጥቶ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ጣሪያው ለምን ተከለ? ገንዘቡ የማንም ስላልሆነ ነው፤ የማንም ያልሆነ ገንዘብ ደግሞ ጣሪያ አያውቅም። ቀበሌው መጸዳጃ ሳይኖረው የከተማው ክለብ ለተጫዋች ሲከፍል፣ ከፋዩ ያ መጸዳጃ የሌለው ሰው ነው።

ሳዑዲዎቹ ከሚያደርጉት በምን ይለያል? እዚያ የመንግሥት ገንዘብ ጎልፍና ኳስ ይገዛል፤ እዚህም የመንግሥት ገንዘብ ኳስ ይገዛል። ልዩነቱ እነሱ ዘይት አላቸው፤ እኛ ያለን ግብር ከፋይ ነው። አንድነቱ ደግሞ በሁለቱም ቦታ ደጋፊው አለመጠየቁ ነው።

ከላይ የነገርኩት የሊጉ ነው፤ ከሥር ያለውስ? ኳስ ተጫዋች የሚበቅለው ከሰፈር ሜዳ ነው። ጃን ሜዳን ተመልከቱ። በ2012 ኮሮና መጣ ተብሎ የፒያሳው አትክልት ተራ ተነሥቶ ጃን ሜዳ ላይ ሠፈረ። የወጣት ቡድኖች ልምምድ የሚሠሩበት ሜዳ ሽንኩርትና ጎመን ተከመረበት፤ ዝናብ ሲመጣ ጭቃና ብስባሽ ሆነ። የጥምቀት በዓል ደርሶ ሕዝብ ባይጮህ ኖሮ ስንት ጊዜ ይቆይ ነበር? በ2013 ነጋዴው ወደ ኃይሌ ጋርመንት ተዛወረ። በሽታ መከላከል አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። ቦታ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚታየው የልጆች ሜዳ መሆኑ ነው የሚያንገበግበኝ። ጎመን የኤምባሲ ጎልፍ ሜዳ ላይ ይከመር ያለ ሰው ሰምታችኋል? ሣር አጥር ካለው ይከበራል፤ አጥር የሌለው ሣር የማንም ነው።

በመጋቢት 2016 ደግሞ ፒያሳ ፈረሰች። እነ ዶሮ ማነቂያ ከካርታ ጠፉ። ነዋሪው ወደ ከተማው ዳርቻ ሄደ። በኮሪደር ልማቱ የስፖርት ሜዳዎች ተሠርተዋል ይሉናል፤ እውነት ነው፣ ተሠርተዋል፤ መብራት ያላቸው፣ ሰው ሠራሽ ሣር የለበሱ አይቻለሁ። የተሠራውን አልሠራችሁም አልልም። ጥያቄዬ ሌላ ነው። የድሃ ልጅ ሳይከፍል በየትኛው ሰዓት ይገባበታል? ሰፈርተኛው ተበትኖ ሜዳው ብቻ ቢቀርስ ቡድኑን ማን ይመሠርታል? አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ ቡድን የመሠረቱት ሰፈር ስለነበራቸው ነው። ቡድን የጎረቤት ልጅ ነው፤ ጎረቤት ከሌለ ቡድን የለም።

እዚህ ላይ «ገንዘብና ሥልጣን ያለው የፈለገውን ያደርጋል፤ ጩኸት ምን ዋጋ አለው?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። የእሪ በከንቱ ፍልስፍና ነው። እኔ ግን አልቀበለውም። ማስረጃዬን ላቅርብ።

ሚያዝያ 10 ቀን 2013 አሥራ ሁለት የአውሮፓ ታላላቅ ክለቦች «ሱፐር ሊግ» የሚባል የራሳቸውን ውድድር መሠረትን አሉ። ከእንግሊዝ ስድስት ነበሩ፤ ማንቸስተር ዩናይትድ፣ ሲቲ፣ አርሰናል፣ ቼልሲ፣ ቶተንሃምና ሊቨርፑል። ደጋፊው በየስታዲየሙ በር ወጥቶ ጮኸ። የቼልሲ ደጋፊዎች መንገድ ዘጉ። በሁለት ቀን ውስጥ ስድስቱም የእንግሊዝ ክለቦች እየተንጠባጠቡ ወጡ። የሊቨርፑሉ ባለቤት፣ ያ የፌንዌይ ሰውዬ፣ በቪዲዮ ቀርበው ደጋፊውን ይቅርታ ጠየቁ። ቢሊየነር ይቅርታ ሲጠይቅ አያችሁ? ጎልፈኞቹን ሳይጠይቁ የሚሸጡና የሚገዙ ሰዎች ለኳስ ደጋፊ አንገታቸውን ደፉ። ነገሩ በዚያም አልቀረም፤ በሐምሌ 2017 እንግሊዝ የክለቦችን አስተዳደርና ሒሳብ የሚቆጣጠር ነፃ አካል የሚያቋቁም ሕግ አጸደቀች። በጀርመን ደግሞ ከ1990ዎቹ መግቢያ ጀምሮ በሚሠራ ደንብ መሠረት ከክለቡ ድምፅ ከግማሽ በላይ በአባላቱ እጅ ይቆያል፤ ጥቂት የተፈቀደላቸው ክለቦች ብቻ ናቸው ከደንቡ የሚወጡት።

ታዲያ የጎልፉ ተመልካች ለምን አልተሰማም? የኳሱስ ለምን ተሰማ? የጎልፍ ተመልካች ተጫዋች ይወዳል እንጂ ማኅበር የለውም፤ ከአንዱ ጉድጓድ ወደ አንዱ ጉድጓድ ተበታትኖ የሚሄድ ሰው ነው። የኳስ ደጋፊ ሰፈር አለው፣ ክለብ አለው፣ የሚሰለፍበት በር አለው። እሪታ ከንቱ የሚሆነው ብቻውን ገደል ውስጥ ያለ ሰው ሲያሰማው ነው። ሰፈር በሙሉ እሪ ካለ ወንበዴውም ይሸሻል።

ደጋፊያችንም ይህን ያድምጥ። በየስታዲየሙ ድንጋይ ሲወረወር፣ ኳስ የብሔር መሳደቢያ ሲሆን ያየንባቸው ዓመታት አሉ። በ2010 እና በ2011 በዚህ ምክንያት ጨዋታ የተቋረጠበትን፣ ሰው የተጎዳበትን ጊዜ አንረሳም። ያ እሪታ ሳይሆን ለባለሥልጣን የተሰጠ ስጦታ ነው። «ደጋፊው ረብሸኛ ነው፤ በዝግ ይጫወቱ» ለማለት ይመቻቸዋል። የጊዮርጊስ ደጋፊና የቡና ደጋፊ ዘጠና ደቂቃ ይተራረቡ፤ የአራዳ ወግ ነው። ዘጠናው ደቂቃ ሲያበቃ ግን አብረው ሊጠይቁት የሚገባ አንድ ጥያቄ አላቸው።

እንግዲህ ለሚመለከታችሁ ሁሉ፣ ለፌዴሬሽኑም፣ ለሊግ ኩባንያውም፣ ለባህልና ስፖርት ሚኒስቴሩም፣ ለከተማው አስተዳደርም በግልጽ ላስቀምጠው።

አንደኛ፣ ሒሳቡን አውጡ። ብሔራዊ ቡድኑ ከ2014 ጀምሮ በሰው አገር «ባለሜዳ» ሲሆን ስንት ወጣ? የአምስት ዓመቱ የቴሌቪዥን ገንዘብ ለማን ምን ያህል ደረሰ? ለታዳጊዎችስ ስንት ሳንቲም ወረደ? ይህ የመንግሥት ምሥጢር አይደለም፤ የኳስ ሒሳብ ነው።

ሁለተኛ፣ ስታዲየም ስትጀምሩ ቀን ቁረጡ፤ ቀኑ ሲያልፍ በስም የሚጠየቅ ሰው አስቀምጡ። «በቅርቡ ይጠናቀቃል» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ከአገሪቱ ቴሌቪዥን አንሡልን። ቅርቡ ራቀብን።

ሦስተኛ፣ ደጋፊው ወንበር ይሰጠው። የፌዴሬሽኑ ጠቅላላ ጉባኤ የክልል ፌዴሬሽኖችና የክለቦች ተወካዮች የሚመርጡበት ነው። ትኬት የሚቆርጠው ሰው ድምፅ የለውም። በደጋፊዎች በነፃ የተመረጡ ተወካዮች፣ በካድሬ የተሾሙ ሳይሆኑ፣ በጉባኤውም በሊጉ ቦርድም ይግቡ። የሊጉ ጨዋታ ከከተማቸው ሲነሣ ይጠየቁ።

አራተኛ፣ የሰፈር ሜዳ በከተማው ፕላን ላይ እንደ ውኃ ቧንቧ ይቆጠር። ያለ ክፍያ የሚገባበት ሰዓት በደንብ ይጻፍ፤ ለሽንኩርትም ለሕንፃም አይሰጥ።

ይህ ከባድ ነው? ቢሊዮን ዶላር አይጠይቅም። የሳዑዲ ፈንድ አይጠይቅም። የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ከፋዩን ሰው እንደ ባለቤት መቁጠር። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ትዝ ይላችኋል? ሱዳንን 2 ለ 0 ረትተን ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ያለፍንበት ማታ። አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰዒድ ሲያገቡ ጩኸቱ ከስታዲየም ወጥቶ ፒያሳ ደርሶ ነበር። ያንን ሌሊት የከተማው ሰው ዘሩን ሳይጠይቅ ተቃቅፏል። የትኛውም ፓርቲ በስብሰባ አምጥቶት የማያውቀውን አንድነት አሥራ አንድ ልጆችና አንድ ያረጀ ስታዲየም አመጡት። ያን የመሰለ ማታ በካዛብላንካ አይገኝም፤ በዶላርም አይገዛም።

ስለዚህ ለባለሥልጣኖቻችን የማቀርበው ጥያቄ አጭር ነው። ቡድኑን ወደ ቤቱ የምትመልሱት መቼ ነው? መልሱን በጋዜጣ ብትሰጡን በደስታ እናትመዋለን። ካልመለሳችሁ ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና እንጠይቃለን፤ በዚያኛውም ሳምንት እንዲሁ። እሪ ማለት የከንቱ ሥራ የሚሆነው ያቆሙት ዕለት ብቻ ነው።